ስሙ ከላይ፣ ፊቱ መሐል፦ የሙዚቃ መጽሔት ልማዶች ከየት መጡ? ቦንጋ ላይስ ይሠራሉ?

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ቦንጋ ከተማ ውስጥ አምስት ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ተሰብስበው «ስለ ካፋ ሙዚቃ የሚያወራ መጽሔት እናውጣ» ተባባሉ እንበል። አንዷ ጎበዝ ጸሐፊ ናት፤ አንዱ በስልኩ ጥሩ ፎቶ ያነሳል፤ ሌላው ደሞ የሰፈሩን የሰርግ ዘፋኞች በሙሉ በስም ያውቃል። ያጠራቀሙት ገንዘብ 200 ቅጂ ቢያሳትም ነው። ስለ ጽሑፎቹ ቶሎ ተስማሙ። ሽፋኑ ላይ ሲደርሱ ግን ተጣሉ።

አንዱ «ሽፋን ማለት ስሙ ከላይ በትልቁ፣ መሐል ላይ የዘፋኝ ፊት፣ በግራ በኩል ደግሞ አርዕስት ነው፤ በቃ!» ይላል። ሌላዋ ትመልሳለች፦ «እሱማ የሁሉም መጽሔት ሽፋን ነው። ታዲያ የኛ በምን ይታወቃል?»

ተማሪዎቹ የምናብ ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን እውነተኛ ነው። ሁለቱም ወገኖች በከፊል ልክ ናቸው። ልማድን ጨርሶ የተወ መጽሔት መጽሔት መሆኑ ሳይታወቅ ሊታለፍ ይችላል። ልማድን ሙሉ በሙሉ የተከተለ ደግሞ ከሌላው ሳይለይ ሊታለፍ ይችላል። እንዴት እንምረጥ? መልሱ ያለው ልማዶቹ ከየት እንደመጡ በማወቅ ላይ ነው። እያንዳንዱ የዲዛይን ልማድ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ ለተነሳ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ያ ጥያቄ እናንተም ጋ ካለ ልማዱን ያዙት። ጥያቄው ከተለወጠ ግን የድሮው መልስ አይሠራላችሁም።

ልማድ ምን ይጠቅማል?

ካፋ የቡና አገር ስለሆነ ምሳሌያችንን ከቡና እንጀምር። ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደሚባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዳ ቤት ብትሄዱ እንኳን አቦል ጠጥታችሁ ቶና እንደሚመጣ ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም። ልማዱ ስለሚያውቃችሁና ስለምታውቁት፣ ሐሳባችሁን ወደ ጨዋታው ትመልሳላችሁ።

የመጽሔት ልማድም ሥራው ይሄው ነው። ስሙ የት እንዳለ፣ ዋናው ወሬ የትኛው እንደሆነ፣ ዋጋው የት እንደተጻፈ አንባቢው ሳያስብ ያገኘዋል። ይህ ድካምን ይቆጥባል፤ አእምሮ ለፍለጋ የሚያወጣውን ጉልበት ለንባብ ያስቀርለታል።

ነገር ግን ሁሌ አንድ ዓይነት ነገር ይሰለቻል። ሬይመንድ ሎዊ የተባለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከባቡር እስከ ብስኩት ማሸጊያ ድረስ የነደፈ ዝነኛ ዲዛይነር፣ ሰው አዲስ ነገርን ይወዳል፣ ከሚያውቀው በጣም የራቀ አዲስ ነገርን ግን ይፈራል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ሥራው ሁሉ አንድ መርህ ነበረው፦ ሰው ሊቀበለው እስከሚችልበት ጫፍ ድረስ አዲስ ይሁን፤ ከዚያ አይለፍ። የአምስቱ ተማሪዎች ጠብ በአጭሩ ያ ጫፍ የት ላይ ነው የሚል ነው።

ዓይናችሁ ሽፋን ላይ ምን ያደርጋል?

ከልማዶቹ በፊት ዓይንን እንመልከት፤ ምክንያቱም አንዳንድ ልማዶች ከባህል ሳይሆን ከሰውነታችን የመጡ ናቸው።

አንድ ገጽ ስናይ ሁሉንም አጥርተን የምናይ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ዓይናችን አጥርቶ የሚያየው መሐሉ ላይ ያለችውን በጣም ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እዩ። በጥራት የሚታያችሁ ስፋት ያንን ያህል ነው፤ የቀረው ሁሉ ብዥ ያለ ነው። ብዥታው የማይታወቀን ዓይናችን በሰከንድ ሦስት አራት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ስለሚዘል ነው። እያንዳንዱ ዝላይ ላይ አእምሮ «ቀጥሎ የት ልይ?» ብሎ ይወስናል። የሽፋን ዲዛይን ማለት ይህን ውሳኔ መምራት ነው።

አእምሮ ምን ይመርጣል? አንደኛ ፊት ይመርጣል። ገና የተወለዱ ሕፃናት እንኳን በተደረጉ ሙከራዎች ፊት የሚመስል ሥዕልን፣ ዓይንና አፉ ከተዘበራረቀ ሥዕል ይልቅ በዓይናቸው ሲከተሉ ታይተዋል። ሽፋን ላይ ትልቅ ፊት የማድረግ ልማድ የመጣው ከዚህ ነው፤ ፈረንጅም ሠራው ሐበሻ፣ ምክንያቱ አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው የሚያየውን እናያለን። ፎቶው ላይ ያለችው ዘፋኝ ወደ ቀኝ ካየች እኛም ሳናውቀው ወደ ቀኝ እናያለን። እንግዲህ ዋናውን ርዕስ በግራ አድርጋችሁ ዘፋኟ ወደ ቀኝ የምታይ ከሆነ፣ አንባቢውን ከሽፋኑ እያስወጣችሁት ነው። ፊቷ ወደ ርዕሱ ይሁን፤ ወይም ቀጥታ ወደ አንባቢው ትይ።

ሦስተኛ፣ ከሌላው የተለየውን እናያለን። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄድቪግ ፎን ሬስቶርፍ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመችው ጥናት፣ ከሚመሳሰሉ ነገሮች መሐል የተለየው አንዱ በተሻለ እንደሚታወስ አሳይታለች። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ አረንጓዴ ቀለም ስንመጣ እንፈልጋታለን።

ስሙ ለምን ከላይ በግራ ሆነ?

አሁን ወደ ልማዶቹ። ብዙ የውጭ የሙዚቃ መጽሔቶችን ብታዩ ስማቸው ከላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ክብደቱ ወደ ግራ ያደላል። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2020 ይታተም የነበረው «ኪው» የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔት፣ ቀይ አራት ማዕዘን ውስጥ አንዲት ነጭ ፊደል አድርጎ በግራው ጥግ ይለጥፋት ነበር።

ለምን እዚያ ጋ? መልሱ ውበት ሳይሆን መደርደሪያ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆች መጽሔቶች የሚደረደሩት አንዱ የሌላውን ከፊል ሸፍኖ ነው። ገዢው የሚያየው የላይኛውን ጫፍና የግራውን ሲሶ ብቻ ነው። ስሙም፣ ምርጡ ርዕስም እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ካልገባ የለም ማለት ነው። ልማዱን የወለደው የሱቅ ዕቃ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ አበባን አስቡ። ጋዜጣና መጽሔት የሚሸጡ ልጆች ዕቃቸውን መንገድ ዳር መሬት ላይ ያነጥፉታል፤ ንፋስ እንዳይወስድባቸው ድንጋይ ይጭኑበታል። አንባቢው ቆሞ ከላይ ወደ ታች ያያል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ በትንሽ ሳንቲም ተከራይቶ የሚያነብም ነበር። እዚህ የግራው ሲሶ ልዩ ጥቅም የለውም፤ ሽፋኑ በሙሉ ይታያል። ርቀቱ ግን ሌላ ነው። በመደርደሪያ ላይ መጽሔቱ ከፊታችሁ ጋ ትይዩ ነው፤ መሬት ላይ ከሆነ ከዓይናችሁ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። በትንንሽ ፊደል የተጻፉ ስምንት አርዕስት ከዚያ ርቀት አይነበቡም። ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ አርዕስት ይበቃሉ።

ድንጋዩንም አትርሱት። ድንጋዩ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ወይም ጥግ ላይ ነው። ስማችሁ በሙሉ አንድ ጥግ ላይ የተጠቀጠቀ ከሆነ ድንጋዩ ሊውጠው ይችላል። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ስም ግን ግማሹ ቢሸፈንም ይነበባል።

ቦንጋስ? ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ላይ፣ የተማሪዎቹ መጽሔት የሚደርሰው ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ ጓደኛ ለጓደኛ፣ ሱቅ ላይ ቆጣሪው ጎን፣ ቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ። ከዚያ ደግሞ በቴሌግራም። ቴሌግራም ላይ ሽፋኑ መጀመሪያ የሚታየው ቴምብር አክሎ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «መደርደሪያ ላይ ምን ይታያል?» መሆኑ ቀርቶ «ጠረጴዛ ላይ ተኝቶና ስልክ ላይ አንሶ ምን ይታያል?» ሆኗል። ለዚህ ጥያቄ የሚሆነው መልስ አንድ ትልቅ ስም፣ አንድ ትልቅ ሥዕል፣ ጥቂት ቃል ነው። ስሙ ከላይ የመሆን ልማድ ይቆያል፤ የግራ ሲሶ ልማድ ይሄዳል።

ፊደላችን ካፒታል የለውም

የውጭ መጽሔት መጮህ ሲፈልግ ምን ያደርጋል? ሁሉንም በካፒታል ይጽፋል። ለስለስ ማለት ሲፈልግ ፊደሉን ያጋድማል። የግእዝ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት የለውም፤ የማጋደም ልማድም አልነበረውም። ኮምፒውተር ላይ አስገድዳችሁ ብታጋድሙት የወደቀ አጥር ይመስላል። ታዲያ በአማርኛ እንዴት ይጮሃል?

አባቶቻችን ብራና ላይ ይህን ጥያቄ መልሰውታል። የብራና ጸሐፊ ዋናውን ጽሑፍ በጥቁር ይጽፍና መጀመሪያውን መስመር፣ ርዕሱንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ያደርጋል። አዲስ ክፍል የሚጀምርበት ገጽ አናት ላይ ሐረግ የሚባል የተጠላለፈ ጌጥ ይስላል። ትልልቆቹ መጻሕፍት ጽሑፋቸው በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ተከፍሏል። ድጓ ላይ ደግሞ በመስመርና በመስመር መሐል ክፍት ቦታ ይተዋል፤ የዜማ ምልክቶቹ በትንንሹ ከቃሉ በላይ ይሰፍራሉ። ሙዚቃን ገጽ ላይ የማስፈር ጥበብ እዚህ አገር ከማተሚያ ማሽን ብዙ ዘመን ይቀድማል ማለት ነው። እዚህ ላይ ማጉላት የሚቻለው በቀለም፣ በመጠን፣ በክፍት ቦታና በጌጥ ነው፤ ካፒታል አላስፈለገም።

ይህ ለአምስቱ ተማሪዎች መልካም ዜና ነው፤ ምክንያቱም ኪሳቸውንም ይረዳል። ሙሉ ቀለም ያለው ኅትመት አራት ቀለሞችን ደራርቦ የሚታተም በመሆኑ ውድ ነው። በጥቁርና በአንድ ተጨማሪ ቀለም ማሳተም ይረክሳል። ጥቁርና ቀይ የመረጠ መጽሔት ገንዘብ ይቆጥባል፤ የብራናውንም ልማድ ያስታውሳል። ድህነት የመሰለው ነገር መታወቂያ ይሆናል። «ሮሊንግ ስቶን» የተባለው ዝነኛ የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲጀመር የታተመው በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ነበር።

ስለ ፊደል አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጣችሁ። ተማሪዎቹ ለምሳሌ ያህል መጽሔታቸውን «ዜማ» ብለው ሰየሙት እንበል። በጣም ወፍራም ፎንት መረጡ፤ አሳነሱትና ቴሌግራም ላይ አዩት። «ዚማ» ሆኖ ተነበበ! ምን ተፈጠረ? አምስተኛው ፊደል ከሦስተኛው የሚለየው እግሩ ላይ ባለችው ትንሽ ቀለበት ነው። ፎንቱ ሲወፍር የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈንና «ዜ» «ዚ»ን ይመስላል። ላቲን ላይ ወፍራም ፊደል አናባቢውን አያጠፋም፤ አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነውና። የኛ ግን አናባቢው ቀጭን ምልክት ነው። ስለዚህ «ለስም በጣም ወፍራሙን ፎንት ተጠቀም» የሚለው ልማድ ለኛ ሳይፈተን አይወሰድም።

የፎንት ምርጫው ጠባብ የሆነውም ለዚሁ ነው። ለእንግሊዝኛ 26ቱን ፊደላት በትልቁና በትንሹ ስትሥሉ 52 ቅርጽ ይሆናል። ለአማርኛ ግን 33ቱን ፊደላት በሰባት ብታባዙ 231 ነው፤ እነ «ሏ» እና «ቋ» ገና አልተቆጠሩም። አንድ ፎንት ለመሥራት የሚወስደውን ጊዜ ገምቱት። የምትወዱት ፎንት ካጣችሁ ግን ለስሙ ብቻ ሁለት ሦስት ፊደል በእጃችሁ ሣሉ። ለሙሉ ፎንት 231 ያስፈልጋል፤ ለ«ዜማ» ሁለት ይበቃል።

አራት ፊደልና አሥር ፊደል

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ደረስን። ካፋ ውስጥ ስለ ሙዚቃ የሚያወራ መጽሔት በየትኛው ቋንቋ ይሁን? አማርኛ ከሌላው አካባቢ ካለ አንባቢ ጋር ያገናኛል። የሙዚቃው ግጥም ግን ብዙው በካፊኖኖ ነው። አምስቱ ተማሪዎች ሁለቱንም እንጠቀም አሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ካፊኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ሁለት ቋንቋ ማለት እዚህ ላይ ሁለት ፊደልም ማለት ነው።

የቋንቋውን ስም ራሱን እንውሰድ። በአማርኛ «ካፊኖኖ» አራት ፊደል ነው። በላቲን ሲጻፍ አናባቢው ረዥም መሆኑን ለማሳየት ፊደሉ ይደገማል፤ ኬ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ አይ፣ ኤን፣ ኦ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኦ፣ ኦ። አሥር ፊደል! ያው አንድ ቃል፣ ስፋቱ ግን የተለያየ። ሁለቱን እኩል ስፋት ላይ ለማስቀመጥ ብትሞክሩ የላቲኑ ማነስ ይኖርበታል። እኩል የፎንት ቁጥር ብትሰጧቸው ደግሞ የላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ከግእዙ ጎን አጥረው ይታያሉ፤ የግእዝ ፊደላት አብዛኞቹ በላቲን ካፒታል ቁመት ልክ ስለሚቆሙ። በሁለቱም መንገድ ካፊኖኖው ትንሽ ሆኖ ይወጣል፤ ማንም ሳያስበው።

እዚህ ላይ ነው ዲዛይን ከጌጥ በላይ የሚሆነው። «ስሙ ከላይ በትልቁ» የሚለው ልማድ በውስጡ አንድ ነገር አለ፤ ከላይ ያለው አለቃ ነው፣ ከታች ያለው ተከታይ ነው። አማርኛው ከላይ በትልቁ፣ ካፊኖኖው ከታች በትንሹ ከሆነ፣ አንባቢው አንድም ቃል ሳያነብ መልእክት ደርሶታል። በገዛ ቋንቋዋ የተዘፈነ ዘፈን ላይ በተጻፈ መጽሔት ውስጥ ቋንቋዋ የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ ያገኘችው አያት ምን ይሰማቸዋል? ተማሪዎቹ ይህን ለማለት አልፈለጉም፤ ልማዱ ግን ብሎላቸዋል።

ምን ይደረግ? ቢያንስ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ ላቲኑን በቁጥር ሳይሆን በዓይን አስተካክሉ። ከግእዙ ከፍ ያለ የፎንት ቁጥር ስጡትና ሁለቱ እኩል እስኪመስሉ ድረስ አስተያዩ። ዓይን የሚያየው መጠኑን እንጂ ቁጥሩን አይደለም።

ሁለተኛው፣ ከላይና ከታች ማድረጉን ተዉና ጎን ለጎን አድርጉ። አንዱ ስም አግድም ሲጻፍ ሌላው በሽፋኑ ጠርዝ ሊቆም ይችላል። ረዥሙ አሥር ፊደል ጠርዙ ላይ ቦታ ያገኛል፤ አጭሩ አራት ፊደል ከላይ ይሰፋል።

ሦስተኛው ደፋሩ ነው፤ ሁለት ሽፋን ማውጣት። በአንድ በኩል ስትከፍቱት አማርኛ፣ ገልብጣችሁ ከኋላ ስትጀምሩት ካፊኖኖ፤ ሁለቱ መሐል ላይ ይገናኛሉ። የኋላ ሽፋን የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሁለቱም ፊት ናቸው። በሌሎች አገሮችም ሁለት ቋንቋ በሚነገርባቸው ቦታዎች የሚሠራበት ዘዴ ነው። ዋጋ ግን አለው፤ የኋላ ሽፋን ማስታወቂያ የሚሸጥበት ውድ ቦታ ነበር፣ እሱ ይቀራል። ሻጩም ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው አንዱን ገጽታ ደፍቶ ነው። ግማሹን ቅጂ በዚህ፣ ግማሹን በዚያ እንዲዘረጋ ልትነግሩት ይገባል።

እግረ መንገዴን፣ ሊሰበር የማይችል ልማድም አለ። አንድ ወረቀት መሐሉ ላይ ታጥፎ ሲሰፋ አራት ገጽ ይሰጣል። ስለዚህ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት፤ 12፣ 16፣ 20። «14 ገጽ ይሁንልን» ብትሉ አታሚው ይስቅባችኋል። ይህን ያዘዘው ወረቀቱ ራሱ ነው።

ፊቱ የማን ይሁን? ቀለሙስ?

የሙዚቃ መጽሔት ሽፋን ላይ አንድ ኮከብ ብቻ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ የመጣው የአንድ ሰው ስም ከሚሸጥበት የዘፈን ገበያ ነው፤ ዘፋኙ ሰሞኑን አልበም አውጥቷል፣ መጽሔቱ ፊቱን ያወጣል፣ ሁለቱም ይሸጣሉ። ይህ ግን ሁሉንም ሙዚቃ አይገልጽም። በየገጠሩ ሰርግ ላይ፣ በደቦ ሥራ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ተቀባይ የሌለው አውጪ ዘፈኑን አይጨርሰውም። አንድ ፊት ብቻ ቆርጠን ሽፋን ላይ ብናወጣ የሙዚቃውን ግማሽ ቆርጠን ጣልን ማለት ነው።

«እንግዲያው 30 ሰው እናውጣ» ብትሉ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ስልክ ላይ 30ው ፊት 30 ነጠብጣብ ይሆናል፤ ቅድም ያልነው የፊት ኃይል ይጠፋል። መካከለኛው መንገድ፦ አንድ ሰው ቀረብ ብሎ ፊቱ በደንብ ይታይ፤ ከኋላው ተቀባዮቹ አፋቸውን ከፍተው ሲቀበሉ ይታዩ። ዓይን በፊቱ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ኅብረቱ ይሄዳል። ከሰውነታችን የመጣውን ልማድ ይዘን ከገበያ የመጣውን ተውን። ፎቶ የምታነሷቸውን ሰዎች ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ምን ላይ እንደሚወጣም ንገሯቸው።

ቀለሙ ላይ ደግሞ የካፋ ልማድ አለ። ስለ ካፋ የሚወጣ ነገር ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ደን፣ የቡና ቅጠል፣ ቀይ የቡና ፍሬ፣ ጀበና። ምክንያት አለው። ካፋ የቡና መገኛ ተብሎ ይታወቃል፤ ደኑም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ለጎብኚ የሚዘጋጅ ወረቀት ላይ አረንጓዴው «ይህ ካፋ ነው» ይላል።

የሙዚቃ መጽሔት ላይስ? ፎን ሬስቶርፍን አስታውሱ፤ የሚታወሰው የተለየው ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴ መጽሔታችሁ እዚያው ይጠፋል። ሌላም ችግር አለው። ሽፋኑ ላይ የቡና ፍሬ ያየ ሰው «ስለ ቡና ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ውስጡ ዘፈን እንዳለ በምን ያውቃል? አረንጓዴው ልማድ ለእንግዳ «የት ነን?» የሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የቦንጋ አንባቢ የት እንዳለ ያውቃል። እሱ የሚጠይቀው «ማን ዘፈነ? ምን አዲስ አለ?» ነው።

ልማድ የሰበሩት ምን ከፈሉ?

ልማድን በመስበር ስማቸው ከሚነሳው ሰዎች አንዱ ዴቪድ ካርሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው «ሬይ ገን» የተባለው የሙዚቃ መጽሔት ዲዛይነር ነበር። አርዕስት ይቆርጣል፣ ዓምዶችን ያጋጫል፣ ፊደል ላይ ፊደል ይጭናል። በ1994 እንግሊዛዊው ዘፋኝ ብራያን ፌሪ ላይ የተሠራ ቃለ መጠይቅ አሰልቺ ሆኖ ሲያገኘው፣ ጽሑፉን በሙሉ ፊደል በሌለው፣ እንደ ኮከብና ቀስት ያሉ ምልክቶች ባሉበት ፎንት አስቀመጠው። አንድም ቃል አይነበብም!

ይህን የሚሰሙ ብዙ ወጣት ዲዛይነሮች «እኛም እንዲህ እናድርግ» ይላሉ። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሬይ ገን አንባቢ የተለመዱ መጽሔቶችን ለዓመታት ሲያነብ የኖረ ነው፤ የትኛው ልማድ እንደተሰበረ ስለሚያውቅ ቀልዱ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ያው ቃለ መጠይቅ በሚነበብ ፊደል እዚያው እትም መጨረሻ ላይ ታትሞ ነበር። አመፀኛው ራሱ ለአንባቢው መመለሻ መንገድ ትቶለታል።

ካፊኖኖ ላይ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። በገዛ ቋንቋው የተጻፈ የሙዚቃ መጽሔት ይዞ የማያውቅ አንባቢ ፊት የማይነበብ ገጽ ብታስቀምጡ ቀልዱ አይገባውም፤ በሩ የተዘጋበት ነው የሚመስለው። ለመስበር መጀመሪያ የተሠራ ነገር ያስፈልጋል።

ከአገራችን ሙዚቃ አንድ ምሳሌ ልጨምር። «ኢትዮፒክ» የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲ ተከታታይ ፈረንሳይ ውስጥ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲወጣ፣ ዘፋኙ ማንም ይሁን ማን ሽፋኑ ላይ የተከታታዩ ስምና ቁጥር አለ። ሙላቱ አስታጥቄን ፈልጎ 4ኛውን የገዛ ሰው፣ ስሙን ሰምቶ የማያውቀውን ዘፋኝ 5ኛ ላይ ሲያይ ያምነዋል። የማይለወጠው ክፍል፣ የሚለወጠውን ክፍል ለማስተዋወቅ አገለገለ። 30ኛው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ የግርማ በየነ ሥራ ነበር፤ ርዕሱም በአማርኛ ስንመልሰው «ሆን ተብለው የተሠሩ ስህተቶች» እንደማለት ነው። ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት ልክ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚሠራው ነው።

ወደ አምስቱ ተማሪዎች

እንግዲህ ጠባቸውን እንዴት ይፍቱ? እኔ ብጠየቅ፣ ወረቀት አውጥተው ሦስት ዓምድ እንዲያሰምሩ እመክራቸዋለሁ። አንደኛው ላይ ልማዱን፣ ሁለተኛው ላይ ልማዱ የተፈጠረበትን ጥያቄ፣ ሦስተኛው ላይ «ይህ ጥያቄ እኛ ጋ አለ ወይ?» የሚለውን ይጻፉ። ትልቅ ፊት፦ ከዓይን የመጣ፣ አለ፣ ይቆይ። የግራ ሲሶ፦ ከመደርደሪያ የመጣ፣ የለም፣ ይቅር። አንድ ስም ከላይ፦ ከአንድ ቋንቋ መጽሔት የመጣ፣ ተለውጧል፣ ሌላ መልስ ይፈለግለት። አረንጓዴ፦ ለእንግዳ የተሠራ፣ የለም፣ ይቅር። ገጽ ለአራት መካፈሉ፦ ከወረቀት የመጣ፣ አለ፣ አትሟገቱት።

ከዚያ ማተሚያ ቤት ከመሄዳቸው በፊት አራት ነገር ይፈትኑ፤ እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሽፋኑን ስልክ ላይ አሳንሳችሁ የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ስሙ ይነበብ እንደሆነ እዩ። መሬት ላይ አንጥፋችሁ፣ መሐሉ ላይ ድንጋይ አስቀምጣችሁ፣ ቆማችሁ አንብቡት። በጥቁርና ነጭ ፎቶ አንስታችሁ ጽሑፉ ከጀርባው ቀለም ጋር ይዋሐድ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉና። በመጨረሻ ካፊኖኖ ብቻ ለሚያነብ ሰው፣ ቀጥሎም አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው ለአምስት ሰከንድ አሳይታችሁ ደብቁትና «ይሄ ምን ነበር? የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለቱም «የሙዚቃ መጽሔት ነው፤ የኛ ነው» ካሉ ጠቡ አልቋል። አንዱ ብቻ ካለ ወደ ሦስቱ ዓምድ ተመለሱ፤ ሳትመረምሩ የተቀበላችሁት አንድ ልማድ እዚያ ውስጥ አለ።